መዝገቡ ሁለት ይሁን፣ ተተኪው ይታወቅ

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ለከርሞ የሚዘራውን ዘር የት ነው የምታስቀምጡት? ሁሉንም በአንድ ጎተራ ትከቱታላችሁ? ብልህ ገበሬ እንዲህ አያደርግም። ገሚሱን በጎተራ ያኖራል። ገሚሱን በጉድጓድ ወይም በዘመድ ቤት ያኖራል። ነቀዝ ቢገባ፣ እሳት ቢነሣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ። የቀበሌያችሁ መዝገብ የት ነው ያለው? ቁልፉስ በማን እጅ ነው? ያ ሰው ዛሬ ማታ ቢታመም ነገ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱን የሚከፍተው ማነው?

ብዙዎቻችን መልሱን አናውቅም። ስለ ዘራችን የምናስበውን ያህል ስለ ጽሕፈት ቤታችን አናስብም። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን ብዙ ነገራችን አለ። የመሬታችን ድንበር እዚያ ተጽፏል። የልጆቻችን ልደት እዚያ ተጽፏል። በክፉ ቀን እርዳታ የሚገባው ማን እንደሆነ የሚያሳየው ስም ዝርዝርም እዚያው ነው።

የዛሬው ጉዳያችን ይህ ነው። አደጋ ሲመጣ የመንግሥት ሥራ እንዳይቋረጥ አስቀድሞ ማሰብ። በጽሕፈት ቤት ቋንቋ «የሥራ ቀጣይነት ዕቅድ» ይሉታል። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። ሰው ቢጎድል ማን ይተካል? ቤቱ ቢጠፋ ሥራው የት ይሠራል? መዝገቡ ቢጠፋ ከየት ይገኛል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አደጋው ሳይመጣ መመለስ ማለት ነው።

በጎፋ የሆነው

ጊዜው ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ቦታው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ነው። ቀበሌው ቀንጮ ሻቻ ጎዝዲ ይባላል። ከባድ ዝናብ ዘንቦ ነበር። ተራራው ተናደና ቤቶችን ከነሰዉ ቀበረ። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ሮጠ። አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በእጁ ይቆፍር ጀመር። ሰው ከአፈር ለማውጣት ሲታገሉ ሳለ መሬቱ ዳግመኛ ተናደ። ለማዳን የሮጠውንም ቀበረው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ።

በወቅቱ የዞኑ አስተዳደር እንደ ገለጸው፣ ለማዳን ሮጠው ከሞቱት መካከል የቀበሌው አስተዳዳሪ ይገኙበታል። መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎችና የግብርና ባለሙያዎችም አሉበት።

እነዚህ ሰዎች የሠሩት የጀግና ሥራ ነው። ወገን ሲጮህ ቆሞ የሚያይ ማን አለ? ማንም አይወቅሳቸውም። ግን ነገሩን ልብ እንበለው። አንድ ቀበሌ አስተዳዳሪውን፣ መምህሩን፣ የጤና ሠራተኛውንና የእርሻ አማካሪውን በአንድ አደጋ ሲያጣ፣ የቀረውን ሕዝብ ማን ይቆጥራል? በየትኛው ቤት ስንት ሰው እንደነበረ ማን ያውቃል? እህልና ድንኳን ሲመጣ ማን ተቀብሎ ለማን ያድላል? አደጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስደው ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት የሚቆመውን ሰው ነው። ሕዝቡም መሪ የሚፈልገው በዚያችው ሰዓት ነው።

ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት

ይህ ነገር በሀብታም አገርም ይደርሳል። ጃፓን በባሕር የተከበበች አገር ናት። መሬት መንቀጥቀጥ ይበዛባታል። ከባሕሩ ወለል በታች መሬቱ በኃይል ሲናወጥ ውኃው እንደ ግድግዳ ተነሥቶ ወደ የብስ ይመጣል። ይህን ማዕበል ጃፓኖች «ሱናሚ» ይሉታል።

ኦትሱቺ በጃፓን ባሕር ዳርቻ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ 15,000 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ ምድር ተንቀጠቀጠ። ከንቲባው ኮኪ ካቶ ይባሉ ነበር። እሳቸውና ሠራተኞቻቸው ከማዘጋጃ ቤቱ ወጡ። ሕንፃው ያረጀ ስለነበር እንዳይፈርስባቸው ፈሩ። ደጁ ላይ ጠረጴዛና ወንበር አውጥተው ስለ አደጋው መምከር ጀመሩ።

ምክሩ ክፉ አልነበረም። ቦታው ግን ክፉ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ያለው ባሕሩ አጠገብ፣ በዝቅተኛው ሜዳ ላይ ነው። ማዕበሉ የመጣው ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ሲመጣ ሲያዩት ወደ ሕንፃው ጣራ ሮጡ። ጥቂቶች መሰላሉን ወጥተው ተረፉ። ከንቲባው አልደረሱም። በዚያ ቀን ኦትሱቺ ከንቲባውን ጨምሮ 40 ያህል የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች አጣች። ከከተማዋ ሕዝብ ከ1,200 በላይ ሞተ ወይም ደብዛው ጠፋ።

እዚህ ላይ አንድ የሚቆጭ ነገር አለ። ኦትሱቺ ዕቅድ ነበራት። ማዘጋጃ ቤቱ የማያገለግል ከሆነ ሠራተኞቹ ኮረብታ ላይ ወዳለው የሕዝብ አዳራሽ ወጥተው እዚያ ይሥሩ የሚል ቃል በጽሑፍ ሰፍሮ ነበር። በዚያች ግማሽ ሰዓት ግን አልወጡም። ዕቅዱ ወረቀት ላይ ነበር እንጂ እግራቸው አልለመደውም። ከማዕበሉ በኋላ የተረፉት ሠራተኞች ሥራቸውን የጀመሩት በዚያው በኮረብታው አዳራሽ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንዲህ ነው።

ተተኪው ይታወቅ ነበር

ይሁንና አንድ ነገር በደንብ ሠርቷል። የጃፓን ሕግ ከንቲባ ሲጎድል ምክትሉ ይተካል ይላል። ምክትሉም ከሌለ አስቀድሞ የተመደበ ሠራተኛ ይተካል ይላል። በኦትሱቺም እንዲሁ ሆነ። በመጀመሪያ ምክትል ከንቲባው ሥራውን ያዙ። የእሳቸው የሥራ ዘመን ሲያበቃ በተራው ያለ የማዘጋጃ ቤት ኃላፊ ያዘ። ሕዝቡ አዲስ ከንቲባ የመረጠው በነሐሴ 2003 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ወራት ውስጥ «አሁን አዛዡ ማነው?» የሚል ጠብ አልተነሣም። ለቀብር፣ ለመጠለያ፣ ለምግብ የሚፈርም ሰው ነበረ። ከሌሎች ከተሞችም ሠራተኞች እየመጡ የጎደለውን ሰው ሞሉ።

መዝገቡስ?

በጃፓን እያንዳንዱ ከተማ የቤተሰብ መዝገብ ይይዛል። የተወለደው፣ ያገባው፣ የሞተው ሁሉ በቤተሰቡ ስም ይጻፍበታል። ውርስም ጋብቻም የሚረጋገጠው በእሱ ነው። ማዕበሉ የአራት ከተሞችን መዝገብ ጠራርጎ ወሰደ። ከተሞቹ ኦትሱቺ፣ ሪኩዘንታካታ፣ ኦናጋዋ እና ሚናሚሳንሪኩ ናቸው። እስቲ አስቡት። አባት ሞቷል። ልጁ ልጅነቱን የሚያሳይበት መዝገብም ጠፍቷል።

ሆኖም መዝገቡ ተመለሰ። እንዴት? በሕጉ መሠረት ከተሞቹ ቅጂውን ለፍትሕ መሥሪያ ቤት ቅርንጫፍ ይልኩ ነበር። ከዚያ ቅጂ ላይ እየተገለበጠ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ መዝገቡ እንደገና ተሠራ። ችግር የገጠመው ቅጂው ከተላከ በኋላ በተጻፈው ላይ ነው። እሱን እንደገና መሰብሰብ አስፈለገ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቅጂ ያድናል። ሁለተኛ፣ ቅጂ በየጊዜው ካልታደሰ የሚያድነው እስከ ተገለበጠበት ቀን ድረስ ብቻ ነው። ጃፓኖች ከዚያ ወዲህ ቅጂው እጅግ ርቆ በሌላ አካባቢም እንዲቀመጥ አድርገዋል። አንድ አደጋ ዋናውንም ቅጂውንም አብሮ እንዳይወስድ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

«እነሱ ሀብታም ናቸው፣ እኛ በምን አቅማችን?» የሚል ይኖራል። ነገሩ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ደብተር፣ እስክሪብቶና ምክክር ይበቃል። የቀበሌው ሰው ተሰብስቦ ከአስተዳደሩ ጋር እንዲህ ሊያደርግ ይችላል።

1. የማይቋረጠውን ሥራ መለየት። ሁሉም ሥራ እኩል አይደለም። ስብሰባ ለሳምንት ቢዘገይ ሰው አይሞትም። የታመመ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ፣ ውኃ፣ የእርዳታ እህል፣ ጸጥታ፣ የሞተውንና የተረፈውን መቁጠር ግን አንድ ቀን አያድርም። እነዚህን ጻፉ።

2. ለእያንዳንዱ ሥራ ሦስት ሰው መጻፍ። አንደኛው ከሌለ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሌለ ሦስተኛው። ሦስቱም በአንድ መንደር የሚኖሩ ባይሆኑ ይሻላል። ሴቶችም ይግቡበት። የየቤቱን ሰው ብዛት ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስሙ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሕዝቡ ይወቀው። ተተኪው በአደጋ ቀን ምን ማዘዝ እንደሚችል፣ ምን እንደማይችልም ይጻፍ። ይህ ከተደረገ ማኅተሙን ነጥቆ ራሱን የሚሾም አይኖርም።

3. ቁልፍና ማኅተም። ቁልፉ ሁለት ይሁን። ሁለተኛው በማን እጅ እንዳለ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ማኅተሙን የሚረከበው ማን እንደሆነም እንዲሁ።

4. መዝገቡን መገልበጥ። ቅጂው ጎርፍና እሳት አብሮ በማይደርስበት ስፍራ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። የመገልበጫው ጊዜ ይቆረጥ፤ በየሦስት ወሩ ቢሆን መልካም ነው። ኃላፊው ሲፈቅድ ገጹን በስልክ ፎቶ ማንሣትም ይቻላል። ነገር ግን የሰው ጉዳይ ነውና ፎቶው በየመንደሩ መዞር የለበትም። እናንተም በእጃችሁ ያለውን የመሬት ይዞታ ደብተር ከእሳትና ከውኃ ጠብቁት። የቀበሌው መዝገብ ቢጠፋ ምስክራችሁ እሱ ነው።

5. ሁለተኛ ቦታ። ጽሕፈት ቤቱ ባይኖር የት እንገናኝ? ትምህርት ቤት ነው? የገበሬ ማሠልጠኛው ነው? የትኛውም ይሁን፣ ከወንዝ ዳርና ከተዳፋት ግርጌ የራቀ ይሁን።

6. መለማመድ። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። በዓመት አንድ ቀን፣ ክረምት ሳይገባ፣ «ዛሬ ጽሕፈት ቤቱ ተቃጥሏል፣ አስተዳዳሪውም የሉም» እንበል። ሁለተኛው ሰው ይነሣና ሥራውን ይምራ። ቁልፉ ይገኛል? ቅጂው ይነበባል? ሰው ወደ ሁለተኛው ቦታ ይመጣል? የጎደለው ያን ዕለት ይታያል። የኦትሱቺ ዕቅድ ያጣው ይህን ነው።

«ክፉ አታውራ» ለሚሉ

አንዳንድ ሽማግሌዎች «ክፉ ነገር አታንሡ፣ ያወሩት ይደርሳል» ይሉ ይሆናል። እናከብራቸዋለን። ግን አባቶቻችን፣ እድር የገባችሁት ሞትን ለመጥራት ነው እንዴ? አይደለም። ሞት እንደማይቀር ስለምታውቁ ነው። ለዚህ ነው ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ አስቀድሞ የሚገዛው። የእድሩ ዳኛ ቢታመም ምክትሉ ይመራል፤ ቀብር አይቀርም። ለእድራችን ያሰብነውን ለቀበሌያችን ብናስብለት ምን ይከፋል?

መሪን መውደድ ማለት ሁሉን ነገር በእሱ ላይ መጫን ማለት አይደለም። ጥሩ መሪ እሱ በሌለበት ቀን ሥራው የማይቆምበትን መንገድ ያሳያል። ጥሩ ጸሐፊም ሌላ ሰው አንብቦ የሚረዳውን መዝገብ ይይዛል። ዛሬ ማንበብና መጻፍ የቻልን ሰዎች ብዙ ነን። ድሮ አንድ ጸሐፊ ሲታጣ አገሩ ሁሉ ዕውር ይሆን ነበር። አሁን ግን ስም ዝርዝር መገልበጥ የሚችል ሰው በየመንደሩ አለ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡት እናንተም አንዱ ናችሁ።

ተወያዩበት

አንድ፦ በቀበሌያችሁ ከአንድ ቀን በላይ መቋረጥ የሌለባቸው ሥራዎች የትኞቹ ናቸው?

ሁለት፦ የቀበሌው አስተዳዳሪ ድንገት ቢታጡ ማን እንደሚተካ ከመካከላችሁ የሚያውቅ አለ? ከሌለ ማንን ትጠይቃላችሁ?

ሦስት፦ የመሬት መዝገቡ ቅጂ አለው? መቼ ነው የተገለበጠው? የት ነው የተቀመጠው?

አራት፦ ጎርፍ፣ እሳት ወይም የመሬት መናድ ቢደርስ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ቦታ የት ይሁን?

መልሱን በደብተር ጻፉት። በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባም ቆማችሁ አንብቡት።