ኮምፒዩተሩ ቀጥ ሲል ሶኬቱን አንንቀል!



ባለፈው ሳምንት አንዲት የክፍላችን ልጅ ለማስተማር ልምምድ የሚሆናትን የትምህርት ዕቅድ በኮምፒዩተር ስትጽፍ አመሸች። ሊያልቅላት ሲል ማሽኑ ቀጥ አለ። ማውሱ አይንቀሳቀስ፣ ፊደሉ አይጻፍ። ከኋላዋ የቆምነው «በቃ ሞቷል፣ ሶኬቱን ንቀይው!» አልናት፤ ነቀለችው። የሦስት ሰዓት ሥራ አብሮ ሄደ። ጥፋቱ የእኛ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ጠይቀንና ሞክረን የተረዳነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ማሽኖቻችን የሚሠሩት በዩቡንቱ ነው። ዩቡንቱ በ2004 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን መሠረቱ ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑክስ ነው። ዋጋ አይጠየቅበትም፤ አሠራሩም ለማንም ክፍት ነው።

ለመሆኑ ማሽን ለምን ይንቀራፈፋል? የአካባቢያችንን ቡና እንውሰድ። ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ሲደርቅ መጋዘን ይገባል። ሜሞሪ የሚባለው አልጋው ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ዲስክ ደግሞ መጋዘኑ ነው። አልጋው ሲሞላ ዩቡንቱ ጥቂቱን አንሥቶ ለጊዜው መጋዘን ያስቀምጣል፤ ሲፈለግ ይመልሰዋል። ይህ ስዋፕ ይባላል። የመጋዘኑ መንገድ ግን ሩቅ ነው። ሠራተኛው ሲመላለስ ይውላል እንጂ ቡናውን የሚያገላብጠው አይኖርም። ማሽኑ ሞተ የምንለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምልልስ ላይ እያለ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

አንደኛ፣ መታገሥ። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ እየሠራ ነውና ሁለት ሦስት ደቂቃ እንጠብቀው። ያገኙትን ቁልፍ መደብደብ ሸክም መጨመር ነው።

ሁለተኛ፣ መመርመር። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አብረን ስንጫን ጥቁር የጽሑፍ ገጽ ይመጣል። ስማችንንና የይለፍ ቃላችንን ሰጥተን «ቶፕ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል እንጻፍ። የሚሠሩት ፕሮግራሞች ይዘረዘራሉ። ትልቁን «ኤም» ስንጫን ብዙ ሜሞሪ የያዘው ከላይ ይወጣል። እኛ ስንሞክረው የተገኘው ኢንተርኔት መክፈቻው ነበር፤ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ማሽን ላይ ሃያ ገጽ ከፍተንበታል!

ሦስተኛ፣ ጥፋተኛውን ብቻ ማቆም። ትንሹን «ኬ» ተጭነን የፕሮግራሙን ቁጥር እንስጥና ኢንተር ሁለት ጊዜ እንምታ። ይህ ፕሮግራሙን በወጉ ዝጋ ብሎ መጠየቅ ነው። እምቢ ካለ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ 9 መጻፍ ነው። ሌላው ሥራችን ግን አይነካም። ከዚያ በ«ኪው» ወጥተን በኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ2 እንመለስ፤ በአንዳንዱ ማሽን ኤፍ1 ወይም ኤፍ7 ነው።

አራተኛ፣ መጋዘኑንም ማየት። «ዲኤፍ» የሚለው ትእዛዝ ዲስኩ 100 በመቶ መሙላቱን ካሳየን አሮጌ ፊልሞችንና የቆሻሻ ቅርጫቱን እናጽዳ።

ምንም ቁልፍ አልሰማ ካለስ? አልትንና ፕሪንት ስክሪንን እንደያዝን ኤስ፣ ዩ፣ ቢን በየመካከሉ ጥቂት ሰከንድ እየጠበቅን እንጫን። ኤስ ወደ ዲስክ ሊጻፍ የተዘጋጀውን ያስጽፋል፤ ዩ ዲስኩን ከተጨማሪ ጽሑፍ ይዘጋል፤ ቢ ማሽኑን እንደገና ያስነሣል። ዲስኩን ከመበላሸት ይጠብቃል፤ ሴቭ ያልተደረገ ጽሑፍ ግን አይመልስም። ስለዚህ በየአሥር ደቂቃው ኮንትሮልና ኤስ!

ይህ ነገር ለምን አሳሰበን? ነገ በሸኮ ወይም በጉራፈርዳ ብንመደብ ትምህርት ቤቱ ያለው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ሊሆን ይችላል። እኛ «ተበላሽቷል» ካልን ፕላስቲክ ለብሶ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ቃላችንን የሚያርም ሰውም ላይኖር ነው። በሕይወት ያለውን ሞቷል ብለን ልጆቹን እንዳናስቀር እንጠንቀቅ።

ልጅቷ ዕቅዷን እንደገና ጽፋ ጨርሳለች። በዚህኛው ጊዜ ከኋላዋ የቆምነው አፋችንን ይዘን ነበር።

ቸር እንሰንብት።