ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ፦ ቁልፉን ማን ይይዛል?

መኪና ሊገዛ የተነሣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ዋጋ ነው። ቀጥሎ ሞዴሉ ይነሣል፤ ከዚያ ቀለሙ። የካምቢዮው ነገር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም በደላላው አፍ። «ማንዋል ስለሆነች ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አያገኟትም» ይላል። ወይም ባለቤትዎን አየት አድርጎ «አውቶማቲክ ናት፤ ለእመቤቲቱም ትመቻለች» ይላል። ሁለቱም ንግግሮች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁንና መኪናዋን ከቤቱ ማን እንደሚነዳት፣ ስትበላሽ ምን ያህል እንደምታስወጣ፣ ነገ ስትሸጥም ማን እንደሚፈልጋት የሚወስነው ይኸው ጉዳይ ስለሆነ ለደላላ የሚተው አይደለም።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አለው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ገበያው የሚያዞረው ቀድመው የገቡትን ነው። ኤሌክትሪክ ያልመረጠ ቤተሰብ የሚያየው ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ አብዛኛውን ጊዜ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያለፈው፣ ከአንድ በላይ ባለቤት የቀያየረ ነው። አዲስ መኪና ላይ ማንዋልና አውቶማቲክን ማወዳደር የምርጫ ጉዳይ ነው። እዚህ ዕድሜ ላይ በደረሰ መኪና ግን ካምቢዮው እንዴት ተይዞ እንደኖረ ከዓይነቱ በላይ ይናገራል።

ለምን አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ሆኖ መጣ? ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ትንንሽ መኪኖች በአብዛኛው ማንዋል ናቸው፤ ለጃፓን የተሠሩት ደግሞ በአብዛኛው አውቶማቲክ። ቪትዝ ራሱ ቶዮታ ለጃፓን ገበያ የሰጠው ስም ሲሆን፣ ያው መኪና አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ይባላል። ስለዚህ አንድ ቦታ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መንትያ መኪኖች አንዱ ሦስት ፔዳል፣ ሌላው ሁለት ፔዳል ቢኖረው አይገርምም።

ሁለት መንጃ ፈቃድ፣ አንድ ሹፌር

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ማንዋል ኮሮላ ገዛ። ዋጋው ከአውቶማቲኩ ዝቅ ይል ስለነበር ቤቱ በሙሉ ደስ ብሎት ነበር። ባለቤቱ መንጃ ፈቃድ አላት፤ የተማረችውም እንደ ብዙዎቻችን በማንዋል ነው። ነገር ግን ከማሠልጠኛው ሜዳ ወጥቶ ጠዋት በሰዓቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ መጣደፍ ሌላ ነገር ነው። ዳገት ላይ ቆማ፣ ከኋላዋ ሚኒባስ እየጮኸባት፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋባት። በሳምንቱ እንደገና ሞከረች፤ በሦስተኛው ቁልፉን መለሰች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቁጥር የሚወድ ሰው ቢያሰላው ጥሩ ነው። ልጆቹ በሰርቪስ ይሄዳሉ፤ ክፍያው በየወሩ ነው። ትንሹ ልጅ ሲያተኩሰው ከቢሮ አስፈቅዶ የሚሮጠው አባት ነው። እሱ ለመስክ ሥራ ሲወጣ ኮሮላዋ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ትቆማለች፤ እናት ታክሲ ትጠራለች። ሲገዙ ያተረፉት የዋጋ ልዩነት በዚህ መንገድ ቀስ በቀስ ተበላ። ከገንዘቡ ይልቅ ሚስቱን የሚያናድዳት ደግሞ ሌላ ነው፤ መኪና ያለው ቤት እየኖረች መኪና እንደሌላት ሰው መለመኗ።

ይህን ስል ማንዋል ለሴት አይሆንም ማለቴ አይደለም። ሚኒባስ የሚያሽከረክሩ ሴቶች ባሉበት ከተማ እንዲህ ማለት ያስቃል። ነጥቡ ድግግሞሽ ነው፤ በየቀኑ የሚነዳ ሰው ፍሪሲዮኑ እግሩ ውስጥ ይገባል፣ በሳምንት አንዴ የሚነዳ ሰው ግን ሁልጊዜ ከአንድ ይጀምራል። ግራ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት ወይም እናት ቤት ውስጥ ካሉም እንዲሁ ነው። (ሥራዬ ዕቃ ማስተዋወቅ ስለሆነ የመኪና ማስታወቂያ ሳነብ ቃላቱ ላይ ዓይኔ ይቆማል። «በሴት የተያዘ» የሚለው አባባል መኪናው በጥንቃቄ ተነድቷል ለማለት የሚገባ ማሻሻጫ ነው። ስለ ካምቢዮው ዘይት ግን አንዲት ቃል አይናገርም።)

ስለዚህ ገንዘብ ከመቁጠርዎ በፊት ከቤቱ መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ መኪናውን ይሞክር። ሜዳ ላይ ሳይሆን ዳገት ላይ። ሁለት ሹፌር ሊኖርበት የሚችል ቤት ማንዋል ገዝቶ በአንድ ሹፌር ከቀረ ግማሹን መኪና ብቻ ነው የገዛው። በተቃራኒው ቤቱ አንድ ልምድ ያለው ሹፌር ብቻ ካለው፣ በተለይም ክፍለ ሀገር የሚመላለስ ከሆነ፣ ማንዋሉ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ርካሽ ስለሆነ ብቻም አይደለም።

ሲበላሹ

የማንዋል ካምቢዮ ነገር ቀላል ነው። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ፍሪሲዮን እየተላላጠ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ሲያልቅ ይቀየራል። ሥራውን የማያውቅ መካኒክ የለም ማለት ይቻላል፤ ዕቃውም አይጠፋም። ወጪው ቢያሳዝንም ቤት አያናጋም።

አውቶማቲክ እንደዚህ አይደለም። የቀድሞዎቹ ባለአራት ማርሽ አውቶማቲኮች ፍሪሲዮን ፔዳል የላቸውም፤ ኃይሉን ከሞተር ወደ ካምቢዮ የሚያሻግረው ቶርክ ኮንቨርተር በሚባል ዕቃ ውስጥ የሚሽከረከር ዘይት ነው። ማርሹን የሚቀይረውም የዘይት ግፊት ነው። ሲቪቲ የሚባለው ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣውን ሦስተኛውን ትውልድ ቪትዝ ጨምሮ በብዙ የጃፓን መኪኖች ላይ ያለው፣ በተለመደው ትርጉም ማርሽ የለውም። ሁለት ፑሊዎችና በመካከላቸው የብረት ቺንጋ አለው፤ ፑሊዎቹ እየጠበቡና እየሰፉ ፍጥነቱን ያመጣጥናሉ። ሲነዱት የማርሽ መቀየር ስሜት የማይሰጠው ለዚህ ነው።

ሁለቱም ሕይወታቸው ዘይት ነው። ሲቪቲ የራሱ ዓይነት ዘይት አለው፤ ለተራው አውቶማቲክ የሚሆነው ዘይት ሲቪቲ ውስጥ ከገባ ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ፑሊው ይፋቃል። አንድ ጊዜ ከተበላሸ በኋላ ደግሞ ከፍቶ የሚጠግነው ሰው ማግኘት ከባድ ስለሆነ ብዙዎች የሚሄዱት ወደ ሶማሌ ተራ፣ ሌላ ያገለገለ ካምቢዮ ሙሉውን ለመግዛት ነው። የዚያኛው ካምቢዮ ታሪክም ልክ እንደ መጀመሪያው አይታወቅም። አውቶማቲክ የሚገዛ ቤተሰብ ያለ የሌለ ገንዘቡን ዋጋው ላይ ጨርሶ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም የምለው ለዚህ ነው። ለአደጋ የሚሆን ተቀማጭ ከሌለ ዋጋው ዝቅ ያለ፣ ግን ጤነኛ ማንዋል መግዛት ይሻላል።

የነዳጅ ፍጆታን በተመለከተ ደግሞ የድሮው አባባል ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው። ባለአራት ማርሹ አውቶማቲክ ከማንዋሉ የበለጠ ይጠጣል። ሲቪቲ ግን ከማንዋል ጋር ይቀራረባል፤ አንዳንዴም ይቆጥባል።

ዳገቱና ቁልቁለቱ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። 1,000 ሲሲ ሞተር አምስት ሰው ጭኖ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። እንዲህ ዓይነት ዳገት ላይ ማንዋል ይሻላል፤ ሹፌሩ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይዞ ሞተሩን ሳያንቅ ይወጣል። ትንሹ አውቶማቲክ ግን የትኛውን ማርሽ እንደሚይዝ ይዋልላል። ቤትዎ ቁልቁል ግቢ ያለው፣ መውጫው ኮብልስቶን ዳገት የሆነ ሰፈር ከሆነ መኪናውን በራስዎ በር ላይ ሳይሞክሩ አይግዙ።

ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይልቅ የሕይወት ጉዳይ ነው። ለበዓል ቤተሰብ ጭኖ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ማንዋል የሚነዳ ሰው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ እንዲይዘው አድርጎ መውረድ ይለምዳል። አውቶማቲክ የሚነዳው ግን ዲ ላይ ትቶ ፍሬን ብቻ ረግጦ ይወርዳል። ፍሬን ሲግል ይሸታል፣ ከዚያ መያዝ ያቆማል። አውቶማቲኩ ላይ ያሉት 2፣ ኤል፣ ኤስ ወይም ቢ የሚሉት ምልክቶች ለዚሁ የተቀመጡ ናቸው፤ የኦቨር ድራይቭ ማጥፊያ ቁልፍ ያላቸውም አሉ። ብዙ ባለመኪናዎች ለዓመታት ሳይነኳቸው ይኖራሉ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ኤን ላይ አድርጎ ቁልቁለት መልቀቅ ግን ሞተሩ መኪናውን እንዳይይዝ አድርጎ ሁሉንም ሸክም ፍሬን ላይ መጣል ነው።

ሊያዩ ሲሄዱ

ለሻጩ አስቀድመው ሞተሩን እንዳያስነሣው ይንገሩት፤ ሲደርሱም ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩ። ሞቆ ካገኙት አንድ ነገር ተደብቆ ሊሆን ይችላልና ሌላ ቀን ይቀጥሩ። የካምቢዮ ሕመም አንዱ ሲቀዘቅዝ፣ ሌላው በደንብ ሲሞቅ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ሙከራው ከአምስት ደቂቃ ዙር በላይ መሆን አለበት። ግማሽ ሰዓት ይንዱ፤ መጨናነቅ ውስጥም ይግቡ።

አውቶማቲክ ከሆነ ፍሬን እንደረገጡ ከፒ ወደ አር፣ ከዚያ ወደ ዲ ያስገቡ። መኪናው ወዲያው ሊይዝ ይገባል፤ አንድ ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ በኃይል ቢደነግጥ ችግር አለ። ዳገት ላይ ወደኋላ ይውጡበት፤ የደከመ ካምቢዮ አር ላይ ያጋልጣል። ሲቪቲ ከሆነ በዝግታ ሲነሣ የሚንቀጠቀጥ መሆኑን፣ ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ ብቻ እየጮኸ መኪናው የማይሄድ መሆኑን ያስተውሉ። የዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው አውጥተው በነጭ ሶፍት ይጥረጉት። የተራው አውቶማቲክ ዘይት ቀላ ያለ ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ሻጩን አመስግነው ይመለሱ። «ዘይት ብቻ ነው የሚያስፈልገው» የሚል መልስ በብዛት ይሰማሉ፤ ዘይት ብቻ ቢሆን ኖሮ ራሱ ቀይሮት ዋጋውን ከፍ ያደርግ ነበር።

ማንዋል ከሆነ ሰው በሌለበት ሜዳማ ቦታ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ መሽከርከሩን ከቀጠለ ፍሪሲዮኑ አልቋል፤ ይህ መኪናውን ለመተው ሳይሆን ዋጋ ለመቀነስ የሚያበቃ ምክንያት ነው። ወደ ሁለተኛ ሲቀይሩ ማርሹ የሚንጫጫ ከሆነ ግን ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ነው፤ እሱ ሌላ ሒሳብ ነው።

ልጃችሁ ወይም የባለቤትዎ ወንድም «እውነተኛ መኪና ማንዋል ነው» ብሎ ከተከራከረ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውን 911 ጂቲ3 ያለ ማንዋል ካቀረበ በኋላ በ2017 ማንዋሉን መልሶታል። ቶዮታም በ2019 ሱፕራን በአውቶማቲክ ብቻ ይዞ ተመልሶ ከሦስት ዓመት በኋላ ማንዋል ጨምሮበታል። የዛሬ አውቶማቲክ ከሰው እጅ በፍጥነት ማርሽ ይቀይራል፤ የስፖርት መኪና ገዢዎች ማንዋል የጠየቁት መንዳቱ ስለሚያስደስታቸው ነው። ደስታው እውነት ነው። ግን ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሥራ መውጫ ሰዓት በማንዋል ሲሄዱ ደስታ ከተሰማዎት ይጻፉልን።

አንድ ነገር ልጨምር። ባትሪ ሲሞት ማንዋልን ገፍቶ ማስነሣት ይቻላል፤ አውቶማቲክን አይቻልም፤ ስለዚህ የአውቶማቲክ ባለቤት የባትሪ ገመድ ኮፈን ኋላ ይያዝ። የፊት ጎማው የሚነዳው አውቶማቲክ መንገድ ላይ ቢቆምም ፊቱ መሬት ላይ ሆኖ በገመድ እንዲጎተት አይፍቀዱ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር ካምቢዮው ዘይት ሳያገኝ ይሽከረከራል። የፊት ጎማዎቹን የሚያነሣ ወይም ሙሉውን የሚጭን ጎታች ይጠሩ። መኪናዋ ቤት በገባች ሳምንት ደግሞ ሻጩ መቼ እንደቀየረ የነገረዎትን ትተው፣ በመኪናው መመሪያ ላይ የተጻፈውን የዘይት ዓይነት ለመካኒኩ ያሳዩት፤ ሲቀይርም አጠገቡ ይቁሙ።