የተርብ መርዝ በህዋስ ደጃፍ

ተርብ የነደፈው ሰው ቆዳው የሚያብጠውና የሚያሳክከው ለምን ይሆን?

የጃፓን ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ከተርብ መርዝ ለይተው ያወጡት ማስቶፓራን 14 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተቀጣጠሉበት አጭር ሰንሰለት ነው። ውሃ ውስጥ ሳለ እንደ ልል ክር ቅርጽ አልባ ነው። የህዋስ ሽፋን ሲነካ ግን ተጠምዝዞ እስክሪብቶ ውስጥ እንዳለው ሞላ ይሆናል። (ተማሪዎቼ ይህን የገባቸው እስክሪብቶ ፈታትቼ ሳሳያቸው ነው።) የሞላው አንዱ ጎን ውሃ ይወዳል፤ ሌላው ቅባት። ሽፋኑም ከቅባት የተሠራ ነውና ቅባት ወዳዱ ጎን እዚያው ይሰምጣል። ማስት የተባሉት ህዋሳት ያኔ ሂስታሚን ይለቃሉ፤ እብጠቱና ማሳከኩ ከዚያ ይመጣል።

የብራዚሉ ተርብ የፖሊቢያ ፓውሊስታ መርዝ ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። በጤነኛ ህዋስ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ የሚደበቁ ሁለት ቅባቶች በካንሰር ህዋስ ላይ ወደ ውጭ ይወጣሉ። የብራዚልና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ኤም ፒ 1 የተባለውን የመርዙን ክፍል አንደኛው ቅባት ይስበዋል፤ ሁለተኛው የሚከፍተውን ቀዳዳ ከ20 እስከ 30 እጥፍ ያሰፋዋል። የተፈተነው ግን በሰው ሠራሽ ሽፋን ላይ ነው እንጂ በሕመምተኛ ላይ አይደለም።

ስለዚህ ለፈውስ ብሎ ራሱን ሊያስነድፍ ያሰበ ቢኖር ይተው። ተነድፎ ፊቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይወሰድ።