ደብረ ታቦር ለኑሮ ምን ያህል ትመቻለች?

በደብረ ታቦር ከተማ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይሆን በ91 ገደማ ነው። ቴርሞሜትሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በሚፈላው ውሃ ውስጥ የከተተ ተማሪ መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል። የተበላሸ ነገር ግን የለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ንባብ ስለ ከተማዋ ኑሮ ብዙ እንደሚነግረን ከዚህ በታች እናያለን።

የከተሞችን ለኑሮ ተስማሚነት በቁጥር ለመግለጽ የሚጥሩ ተቋማት አሉ። ለምሳሌ ኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት የዓለምን ታላላቅ ከተሞች በጸጥታ፣ በጤና አገልግሎት፣ በባህልና በአካባቢ፣ በትምህርትና በመሠረተ ልማት እየመዘነ በየዓመቱ ደረጃ ያወጣል። እንደ ደብረ ታቦር ያሉ ትናንሽ ከተሞች ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። ስለሆነም የአየር ንብረትን፣ መዝናኛንና የተፈጥሮ አደጋ ስጋትን መስፈርት አድርገን የደቡብ ጎንደርን ዋና ከተማ ራሳችን እንመዝናት።

የአየር ንብረት

ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው የ900 ሜትር ልዩነት ወደ 6 ዲግሪ የሚጠጋ የሙቀት ልዩነት ያስከትላል ማለት ነው። በባሕር ዳር ላቡን ሲጠርግ የዋለ መንገደኛ በወረታ በኩል ደብረ ታቦር ሲደርስ ጋቢ የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። የከተማዋ ዓመታዊ አማካይ ሙቀት ከ15 እስከ 16 ዲግሪ፣ ዓመታዊ የዝናብ መጠኗም 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው ዝናብ የሚዘንበው በክረምት ነው። በበጋ ሌሊቶች ደግሞ አየሩ ስስና ደረቅ፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ስለሚሆን መሬት ቀን ያጠራቀመችውን ሙቀት በፍጥነት ወደ ሕዋ ትለቃለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚጥለው ስለዚህ ነው።

ብርዱ ትልቅ ጥቅም አለው። ፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ጥገኛ ተሕዋስ በትንኝ ሰውነት ውስጥ ለማደግ 18 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ሙቀት ያስፈልገዋል። በመሆኑም ወባ በታችኛው የፎገራ ሜዳ የታወቀ በሽታ ሲሆን፣ ደብረ ታቦርን ግን ከፍታዋ ይከልላታል። ይሁን እንጂ ከለላው ጽኑ አይደለም። አማካይ ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር ለወባ የሚመቸው ወሰን 150 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት የደብረ ዘይት (ቢሾፍቱ) አካባቢንና የኮሎምቢያን የወባ መዛግብት መርምሮ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት በሽታው ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል።

ከፍታ የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። በ91 ዲግሪ በሚፈላ ውሃ የሚቀቀል ባቄላ ወይም ሽምብራ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል፤ በማገዶ ለሚያበስል ቤተሰብ ደግሞ ተጨማሪ ጊዜ ማለት ተጨማሪ እንጨት ነው። ቤት ለማሞቅ የሚነደውም በዚህ ላይ ይታከላል። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

መዝናኛ

ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ጋፋት፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጡበት ሥፍራ ነው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ በሰው ጉልበት ገደልና ሸለቆ እያቋረጠ መቅደላ መድረሱ፣ ስለ ሰበቃና ስለ ተዳፋት ለሚማር ተማሪ ከመማሪያ መጽሐፍ የበለጠ ምሳሌ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ጅብራውን፣ አስታውንና ጓሳውን ያሳያል፤ በዚያ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚበረታ ባርኔጣ መዘንጋት አይገባም። በደራ በኩል ደግሞ የዋንዛዬ ፍል ውሃ አለ። ሆኖም ከተማዋ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በከባድ መሣሪያ መደብደቧና ክልሉ ከዚያ ወዲህም ግጭት ማሳለፉ፣ ሰላም በሌለበት መዝናኛ በወረቀት ላይ ብቻ እንደሚቀር አስተምሮናል።

የተፈጥሮ አደጋ ስጋት

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ተደጋግሞ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው አፈናቅሏል። ደብረ ታቦር ከስምጥ ሸለቆው ርቃ በሰሜን ምዕራቡ አምባ ላይ ስለምትገኝ ስጋቷ ዝቅተኛ ነው። ዝቅተኛ ማለት ግን ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም፤ የጣና ተፋሰስ ጥንት በተሰነጠቁና በሰመጡ የምድር ቅርፊት ክፍሎች መገናኛ ላይ የተፈጠረ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ በደብረ ታቦር በኩል የሚዘልቅ ነው። ጉናም ቢሆን ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው።

ጎርፍ ከተማዋን እምብዛም አያሰጋትም፤ ውሃው ቁልቁል ይሄዳልና። የሚሄደው ግን ወደ ጎረቤት ነው። ከጉና የሚነሱት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ጣና ይገባሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የጣና ዙሪያ ነዋሪዎች በጎርፍ ተፈናቅለዋል። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ4,000 ሜትር ከፍታ ወደ 1,800 ሜትር ሲወርድ 22 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ይለቃል። ተዳፋቱ በጓሳና በአስታ የተሸፈነ እንደሆነ ይህ ኃይል ጥቂት በጥቂት ይባክናል፤ ውሃውም ወደ መሬት ይሰርጋል። መሬቱ ከተራቆተ ግን ኃይሉ አፈሩን ጠርጎ ለመውሰድና ቦረቦር ለመቆፈር ይውላል።

የሥርዓቱ ወሰን የት ነው?

በፊዚክስ አንድን ጥያቄ ስንፈታ መጀመሪያ የምንወስነው የምንመረምረውን ሥርዓት ወሰን ነው። ወሰኑን በከተማዋ ዳርቻ ብናሰምር ደብረ ታቦር በአየር ንብረትና በአደጋ ስጋት ጥሩ፣ በመዝናኛም ተስፋ ያለው ውጤት ታገኛለች። ወሰኑን ከጉና እስከ ጣና ብናሰፋው ግን ውጤቱ ይለወጣል። ከላይ ያስቀመጥነው የማገዶ ጉዳይ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ለድስቱ የሚነደው እንጨት ከተራራው ልብስ ላይ የሚቀነስ ከሆነ፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋትም ከታከለበት፣ የደጋው ምቾት ሒሳብ በፎገራ ገበሬ ማሳ ላይ ይወራረዳል። ስለዚህ ለዚህች ከተማ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልጋት ምዘና የጉና ምዘና ነው ብለን እናምናለን። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስትና ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም ከቤት ዕቃነት አልፈው የተፋሰስ መጠበቂያ መሣሪያዎች ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ምዘና በየከተማችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ውሃ አፍሉና ሙቀቱን ለኩ፤ ከ100 የጎደለችው እያንዳንዷ ዲግሪ 300 ሜትር ያህል ከፍታ ትነግራችኋለች። ከዚያም ዝናብ ሲዘንብ በደጃችሁ የሚያልፈው ውሃ ከየት እንደመጣና ወደ ማን እንደሚሄድ ተከታተሉ። የከተማችሁ ምቾት እውነተኛ ወሰን በዚያ መንገድ ላይ ይገኛል።