የቬክተርና የገጽ መግለጫ ፋይሎች፦ ዓርማና ሰነድ ሳይበላሹ እንዲደርሱ

በደብዳቤ ራስጌ ላይ ጥርት ብሎ የሚታይ ዓርማ በትልቅ ባነር ላይ ሲታተም ጠርዙ የሚሸራረፈው ብዙውን ጊዜ በማተሚያ ቤቱ ጉድለት ሳይሆን በተላከው የፋይል ዓይነት ምክንያት ነው። ጄፔግና ፒኤንጂ ምስልን በጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ይመዘግባሉ፤ ምስሉ ሲለጠጥ ነጥቦቹም አብረው ይለጠጣሉ። የቬክተር ፋይል በአንጻሩ የመስመሮችን መነሻና መድረሻ፣ የኩርባዎችን ልክና የቀለሙን ዓይነት በሒሳብ ቀመር ይይዛል። በመሆኑም በማኅተም መጠንም ሆነ በሕንፃ ግንባር ልክ ቢታተም ጥራቱ አይቀንስም።

ይህን አሠራር በኅትመት ሥራ ዘንድ በስፋት ያስተዋወቀው አዶቤ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ፖስትስክሪፕት የተሰኘው የገጽ መግለጫ ቋንቋ ነው። ከእርሱ የወጣውን ኢፒኤስን አንዳንድ ማተሚያ ቤቶች ዛሬም ይጠይቃሉ። ለድረ ገጽ የሚመረጠው እ.ኤ.አ. በ2001 መስፈርት ሆኖ የጸደቀው ኤስቪጂ ነው። ፒዲኤፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ በ2008 አይኤስኦ 32000 በሚል ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል።

ፒዲኤፍ ስለሆነ ብቻ ግን ሰነዱ አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም። በተለይ የአማርኛ ሰነድ ሁለት ጥንቃቄዎችን ይሻል። የመጀመሪያው ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ መቀመጡ ነው። ካልተቀመጠ የተቀባዩ ኮምፒዩተር ሌላ ፎንት ይተካበታል፤ ፊደላቱም ባዶ ሳጥን ወይም ሌላ ምልክት ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ሁለተኛውና ብዙም የማይስተዋለው የፊደሉ ኮድ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ተካትቷል። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ለኮምፒዩተሩ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ነው። እንዲህ ያለ መመሪያ ወይም ማስታወቂያ በአማርኛ ቃል ቢፈለግ አይገኝም፤ በድምፅ አንባቢ መተግበሪያ የሚጠቀም ዓይነ ስውር ተገልጋይም ትርጉም የሌለው ድምፅ ከመስማት በቀር ይዘቱን ሊያውቅ አይችልም። ማጣራቱ ቀላል ነው፦ ከፒዲኤፉ አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድቶ በሌላ የጽሑፍ ገጽ ላይ መለጠፍና በአማርኛ መውጣቱን መመልከት በቂ ነው።

ለረጅም ዘመን በመዝገብ ቤት ለሚቀመጡ ሰነዶች ፎንቶች አብረው እንዲቀመጡ የሚያስገድደው ፒዲኤፍ ኤ የተሰኘው ዓይነት ተመራጭ ነው። በስካነር የተነሣ ወይም ከጄፔግ ወደ ፒዲኤፍ የተለወጠ ዓርማ ግን ከነነጥቦቹ እንደሚቆይ ልብ ሊባል ይገባል፤ የፋይሉን ስም መለወጥ ምስሉን ቬክተር አያደርገውም። ስለሆነም ዓርማ የሚያሠሩ ተቋማት ሥራውን ሲረከቡ ዋናውን የቬክተር ፋይል ጭምር መቀበል ይኖርባቸዋል። ይህም በውሉ ላይ አስቀድሞ ቢሰፍር ይመረጣል።