መሬት መጠማቱ ከሰማይ እንዴት ይታወቃል?

በእንስራ ያለ ውሃ ጥላ ሥር ሲያድር ይቀዘቅዛል። በጀሪካን ያለው ግን እንደዚያ አይቀዘቅዝም። ምክንያቱ ምንድን ነው? እንስራው ያልበዋል። ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ጀሪካን ላብ የለውም።

መሬትም እንደዚሁ ነው። በየካቲት ቀትር ላይ ደረቅ እርሻ በባዶ እግራችሁ ብትረግጡ ያቃጥላችኋል። አጠገቡ ውሃ የጠጣ የመስኖ ስንዴ ካለ ግን እዚያ ቀዝቀዝ ይላል። ፀሐይዋ ያችው አንዷ ናት። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የፀሐይ ሙቀት መሬት ሲደርስ ከፊሉ ወደ ሰማይ ይመለሳል። የቀረው ሦስት ሥራ ይሠራል። አፈሩን ያሞቃል፤ አየሩን ያሞቃል፤ ውሃን እንፋሎት ያደርጋል። ውሃ ካለ አብዛኛው ሙቀት ለእንፋሎቱ ይውላል፤ መሬቱም ይቀዘቅዛል። ውሃ ከሌለ አፈሩና አየሩ ይግላሉ። ስለዚህ ሂሳቡ የመቀነስ ሂሳብ ነው። መሬት ላይ ከቀረው ሙቀት አፈሩንና አየሩን ያሞቀውን ቀንሱ። የሚተርፈው ውሃ ያተነነው ነው።

ይኸን ሂሳብ ለመሥራት የመሬቱን ሙቀት ማወቅ ያስፈልጋል። ሳተላይት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ላንድሳት 8 የተባለው ሳተላይት በየካቲት 2005 ዓ.ም. ከአሜሪካ ተተኮሰ። የሚዞረው 705 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ እንኳ ይኸን አያህልም! ከዚያ ሆኖ ሙቀት እንዴት ያውቃል? የጋለ ምጣድ ሳትነኩ መዳፋችሁን ብታስጠጉ መጋሉን ታውቃላችሁ አይደል? ከምጣዱ ዓይን የማያየው ጨረር ይወጣል። ከመሬትም ይወጣል። ሳተላይቱ የሚለካው ያንን ነው።

ከደብረ ማርቆስ በቡሬና በዳንግላ አድርጋችሁ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ መራዊን ታገኛላችሁ። የቆጋ መስኖ እዚያ ነው። 7 ሺህ ሄክታር ገደማ ለማጠጣት የተሠራ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋፖር የተባለውን የሳተላይት መረጃ ለማንም በነፃ ከፈተ። በአፍሪካ ቀረብ ተደርገው ከሚታዩት የመስኖ ቦታዎች አንዱ ቆጋ ሆነ።

ይኸ ለገበሬ ምን ይረባዋል? የቦይ ውሃ ጠባዩን ታውቃላችሁ። ከላይ ያለው ይጠግባል፤ ከቦዩ ጫፍ ያለው ይጠብቃል። አንድ ጥማድ ስንዴ በበጋ ቀን 4 ሚሊ ሜትር ውሃ ቢያተን 10 ሺህ ሊትር ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 500 መሆኑ ነው፤ ያውም በአንድ ቀን! ማን ይኸን ቆጥሮ ይከራከራል? የሙቀቱ ካርታ ግን የላዩ ማሳ ቀዝቅዞ የታችኛው ግሎ እንደሆነ ያሳያል። የታችኛው ገበሬ አቤቱታ ቁጥር ያገኛል።

ሆኖም ሳተላይት ሁሉን አያይም። በክረምት ጮቄ ደመና ሲለብስ የሚያየው የደመናውን ጀርባ ብቻ ነው። ላንድሳት 8 ወደዚያው ቦታ የሚመለሰውም በ16 ቀን አንዴ ነው። በመስከረም 2014 ዓ.ም. የተተኮሰው ላንድሳት 9 ሲጨመር በ8 ቀን ይሆናል። ደግሞም ሙቀት የሚያይበት አንዱ ነጥብ 100 ሜትር በ100 ሜትር ነው። ይኸ 4 ጥማድ ያህል ስለሆነ የእናንተ ማሳ ከጎረቤት ማሳ ጋር ሊቀላቀል ይችላል። ሰብሉ የሳሳው ዋግ መትቶት ይሁን ውሃ አጥቶ፣ ያንንም ለይቶ አይናገርም። እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

እንግዲህ ባለሙያ ካርታ ይዞ ቢመጣና «ማሳህ ቀይ ነው» ቢላችሁ፣ ፎቶው በየትኛው ቀን እንደተነሣ ጠይቁት። የውሃ ተራችሁ ከመድረሱ በፊት ነው ወይስ ካጠጣችሁ በኋላ?