ታንክስጊቪንግ ላይ ተርኪ የማይበላ ሰው ምን ይብላ? የሕንዶች ወጥ ቤት መልስ አለው



ኅዳር ሲመጣ አሜሪካ ካላችሁ ተከታታዮቻችን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። የአንዷን ላንሳ። እናቷ አብረዋት ነው የሚኖሩት፤ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ጾም አያፈርሱም። ታንክስጊቪንግን ደግሞ የሚያሳልፉት ከባለቤቷ ቤተሰቦች ጋር ነው። "ዶክተር፣ ተርኪው አይበላ፣ ሌላው ሁሉ ቅቤና ወተት አለበት። እማዬ ዳቦና ክራንቤሪ ሶስ ቀምሳ ትመጣለች፣ ማታ ስኳሯን ስንለካ ጉድ ነው። ምን ይዤ ልሂድ?"

ይሄ የእሷ ቤት ብቻ ችግር አይደለም። ታንክስጊቪንግ የሚውለው በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1941 በሕግ እንዲህ ወስኖታል። ስለዚህ ሁሌም ከኖቬምበር 22 እስከ 28 ባለው ውስጥ ነው። የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር 15 ይገባል፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 24 ወይም 25 ማለት ነው። በአብዛኞቹ ዓመታት በዓሉ የሚመጣው ጾሙ ከገባ በኋላ ነው።

የኔ መልስ፦ የሕንድ ምግብ ይዘሽ ሂጂ።

"ለምን የራሳችንን ምስር ወጥ አትልም?" የምትሉ ትኖራላችሁ። እሱም ይሄዳል፣ ማንም አይከለክልም። ግን እዚያ ገበታ ላይ እንጀራ የለም፤ ወጡ ደግሞ ያለ እንጀራ ብቻውን ይቀራል። የሕንድ ቅመም ግን ፈረንጆቹ ራሳቸው በሚሠሩት ፎሶሊያ፣ ዱባ፣ ድንችና ክራንቤሪ ውስጥ ይገባል። ለእማማ የተለየ ሳህን ጥግ ላይ ማስቀመጥ ቀርቶ ሁሉም ከአንድ ሳህን ይበላል። አሜሪካ ያሉ ብዙ የሕንድ ቤተሰቦችም በዓሉን የሚያከብሩት በዚሁ መንገድ ነው።

በነገራችን ላይ ተርኪ የአሜሪካ ወፍ ናት። እንግሊዝኛው በቱርክ ስም ይጠራታል፣ ቱርኮቹ ደግሞ "ሂንዲ" ይሏታል፣ የሕንድ እንደማለት። ወፏ ከሕንድ ጋር ምንም ዝምድና ሳይኖራት ስሟ ቀድሞ ሄዷል።

አሁን ወደ ሳህኑ። ሥጋ የማይበላ ሰው ታንክስጊቪንግ ላይ ምን ይቀርለታል? የተፈጨ ድንች፣ ዳቦ፣ ስተፊንግ፣ ስኳር ድንች፣ ፓይ። ልብ በሉ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ስታርችና ስኳር ነው። አንድ ኩባያ የተፈጨ ድንች 35 ግራም አካባቢ ካርቦሃይድሬት አለው፤ ፕሮቲኑ ግን 4 ግራም ቢሆን ነው። በጣሳ የሚሸጠው ክራንቤሪ ሶስ ሩብ ኩባያው ብቻ ከ20 ግራም በላይ ስኳር ይዟል። ለስኳር ታማሚ ይሄ የበዓል ምግብ ሳይሆን የስኳር ጎርፍ ነው። የጾም የሚመስለው እንኳ ብዙ ጊዜ የጾም አይደለም፦ ስተፊንጉ በዶሮ መረቅ ይርሳል፣ ስኳር ድንቹ ላይ የሚደረገው ማርሽማሎው ከእንስሳ በሚገኝ ጄላቲን የተሠራ ነው፣ የዱባ ፓዩ እንቁላልና ወተት አለው። ታዋቂው የፎሶሊያ ካሴሮል እ.ኤ.አ. በ1955 ካምቤል የተባለው የሾርባ ኩባንያ ማእድ ቤት ውስጥ የተፈጠረ ነው፤ የሚሠራው በጣሳ በሚሸጥ የእንጉዳይ ክሬም ሾርባ ስለሆነ ወተትም ጨውም አለበት።

የሕንድ ወጥ ቤት ጥንካሬው እዚህ ላይ ነው። ሥጋ ሲቀር የሚተካውን ዋና ምግብ ያውቃል፤ እሱም ጥራጥሬ ነው። አንድ ኩባያ የበሰለ ሽምብራ ወደ 15 ግራም ፕሮቲንና 12 ግራም ፋይበር አለው። ምስር ከዚያም ይበልጣል፣ ወደ 18 ግራም ፕሮቲን። ካርቦሃይድሬት የላቸውም ማለት አይደለም፤ የሽምብራው ኩባያ ወደ 45 ግራም አለው። ነገር ግን ከፋይበርና ከፕሮቲን ጋር ስለሚመጣ ወደ ደም የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ጥራጥሬውን የድንቹ ምትክ አድርጉት እንጂ ድንቹ ላይ አትደርቡት።

ቅመሙ ከየት ይምጣ? ቁም ሳጥናችሁን ክፈቱ። ከሙን፣ እርድ፣ ድንብላል፣ ዝንጅብል፣ አብሽ፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋ፣ ቁንዶ በርበሬ... ሁሉም እዚያው ነው። የሚጎድላችሁ ምናልባት የሰናፍጭ ፍሬ ነው። የሚለየው አጠቃቀሙ ነው። እኛ ቅመሙን ከቁሌቱ ጋር አብረን እናበስላለን፤ እነሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ታድካ የሚሉትን ይሠራሉ። ለ6 ሰው የሚሆን ምግብ ከሆነ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት አሙቁ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ፍሬ ጨምሩ፣ ክዳን ያዙ (ይፈነጥቃል፣ ዓይናችሁን!)፣ መንጣጣቱ ሲበርድ 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ትንሽ ዝንጅብልና ቃሪያ ጨምራችሁ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ የበሰለው ምግብ ላይ አፍስሱት። አለቀ።

እንደ ሐኪም ታድካን የምወደው በአንድ ምክንያት ነው፦ ሽታው ትኩስ ሆኖ ላይ ላይ ስለሚቀር ጨው ብትቀንሱም ምግቡ አልጫ አይመስልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው የሚመክረው፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ነው። በበዓል ቀን ያንን በአንድ ሳህን መጨረስ ይቻላል። የጣሳ ሽምብራ ከተጠቀማችሁ ውሃውን ድፉና በደንብ እጠቡት፣ ሶዲየሙ ወደ 40 በመቶ ይቀንሳል። ዝግጁ የሆኑ የተደባለቁ ቅመሞችን ስትገዙም ጀርባውን አንብቡ፣ ብዙዎቹ ውስጥ ጨው አለ። ቻት ማሳላ የሚባለው ራሱ ጥቁር ጨው የተቀላቀለበት ነው። አቻርና ፓፓድ ደግሞ ግፊት ላለበት ሰው ለቅምሻ ያህል ብቻ።

ለጠያቂያችን ያልኳት ዝርዝር ይሄ ነው። ለመሃል ገበታ ሙሉ አበባ ጎመን፦ በዘይት፣ በሎሚ፣ በእርድ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና ቅመም ባልገባበት የሽምብራ ዱቄት ለውሶ ኦቨን ውስጥ መጥበስ። ሕንዶቹ በእርጎ ነው የሚለውሱት፤ የሽምብራ ዱቄቱ የእርጎውን ቦታ ይይዛል። ሲቀርብ ያምራል፣ እንደ ተርኪው ይቆረሳል። ከዚያ ሽምብራ በቲማቲም። ፎሶሊያውን ከክሬም ሾርባው አውጥቶ በሰናፍጭ ፍሬና በትንሽ የተፈቀፈቀ ኮኮናት ማብሰል፣ የደቡብ ሕንዶች አሠራር ነው። ክራንቤሪውን በዝንጅብል፣ በቅርንፉድና በቃሪያ፣ በግማሽ ስኳር። ክራንቤሪ በጣም ጎምዛዛ ስለሆነ ጨርሶ ያለ ስኳር አይሆንም፣ አትድከሙ።

አሁን ወጥመዶቹ።

"ቬጂቴሪያን" ማለት "የጾም" ማለት አይደለም። ይሄን ብዙ ሰው ይስተዋል። የሕንድ ቬጂቴሪያን ሥጋ አይበላም እንጂ ወተት ለእሱ መሠረት ነው። ጊ የሚሉት የእኛው ንጥር ቅቤ ነው፤ ፓኒር አይብ ነው፤ ናን ውስጥ ብዙ ጊዜ እርጎ አለ። የሕንድ እሽግ ምግብ ላይ የምታዩት አረንጓዴ ነጥብ ሥጋ የለውም ይላል እንጂ ወተት የለውም አይልም። ከሬስቶራንት የምታዙ ከሆነ "ቬጂቴሪያን ነው ወይ?" ሳይሆን "ጊ፣ ክሬም፣ እርጎ፣ ፓኒር አለው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ወተቱ ሲቀር ደግሞ ሶሱን ለማወፈር የሚገባው ካሹ ሊሆን ይችላል፤ ገበታው ላይ የለውዝ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሂንግ የተባለው ቅመም ብዙ ጊዜ በስንዴ ዱቄት የተቀላቀለ ስለሆነ ሴሊያክ ላለባቸውም አይሆንም።

ክሬሙን በኮኮናት ወተት የምትተኩ ደግሞ፣ የጾም መሆኑ ለልብ ቀላል አያደርገውም። የጣሳው ወፍራም ኮኮናት ወተት አንድ ኩባያው ከ40 ግራም በላይ የሚረጋ ስብ አለው። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ከፍተኛው ገደብ 22 ግራም አካባቢ ነው። ለጣዕም ጥቂት ማንኪያ ይበቃል።

ሦስተኛው ቀይ ቦሎቄ ነው። ራጅማ የሚባለው ወጥ ግሩም ነው፣ ግን ጥሬው ቦሎቄ ሆድን ክፉኛ የሚያስታውክ ተፈጥሯዊ መርዝ አለው፤ 4 ወይም 5 ፍሬ እንኳ ይበቃል። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ ለ30 ደቂቃ ማፍላት ይላል። ጠዋት ስሎው ኩከር ውስጥ ጥሬውን ጥዶ መውጣት ግን አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ በቂ ስላልሆነ መርዙን ጭራሽ ሊያብሰው ይችላል። የጣሳው የበሰለ ስለሆነ ችግር የለበትም።

ከሁሉም በላይ የምሰጋው ግን ስለ ምግቡ አይደለም፣ ስለ ሰዓቱ ነው። የታንክስጊቪንግ ገበታ ብዙ ቤት የሚቀርበው ከሰዓት በኋላ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ነው። "ሆድሽን ለማታ አስቀምጪ" ይባላል። ጾመኛ ከሆኑ ደግሞ ጭራሽ እስከዚያ አይቀምሱም። ጠዋት ኢንሱሊን ወግተው ወይም ግሊቤንክላማይድ፣ ግሊሜፒራይድና ግሊፒዛይድ የመሳሰሉትን ውጠው ባዶ ሆድ መዋል ስኳርን እስከ አደገኛ ደረጃ ሊያወርድ ይችላል። ድካም ብቻ መስሏችሁ "እማዬ ትንሽ ጋደም በይ" እንዳትሉ! ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ግራ መጋባት፣ ያልተለመደ ንጭንጭ ካያችሁ ወዲያው ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ግማሽ ኩባያ ጁስ ወይም በውሃ የተበጠበጠ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር ስጧቸው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድገሙና ለኩ። መለኪያ ከሌለ ሳትጠብቁ ስጡ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፍ ምንም አትስጡ፣ 911 ደውሉ።

መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። ከበዓሉ በፊት ለሚከታተላቸው ሐኪም ደውላችሁ "የዛን ቀን የሚበሉት በዚህ ሰዓት ነው" በሉ፤ የትኛው መድኃኒት ወደ ገበታው ሰዓት እንደሚዛወር፣ የትኛው እንደሚቀነስ እሱ ይነግራችኋል። ሲበሉም አትክልቱንና ሽምብራውን አስቀድመው ዳቦና ድንቹን መጨረሻ ላይ ቢበሉ ከምግብ በኋላ ስኳሩ ያን ያህል አይወጣም። ከበሉ በኋላ ከልጅ ልጆች ጋር 15 ደቂቃ ወጣ ብሎ መራመድም እንደዚሁ።

ዋርፋሪን የምትወስዱ (በተለይ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ያላችሁ) የሕንዶቹን የስፒናች ወጥ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የምትበሉ ከሆነ ቀጥሉ። ከዚህ በፊት ሳትበሉ ድንገት አንድ ጎድጓዳ ሳህን መብላት ግን በቫይታሚን ኬ ብዛት የመድኃኒቱን ሥራ ያዳክማል። እርድና አብሽም በምግብ ልክ እንጂ በክኒን አይሁኑ። ስኳር ያወርዳል ተብሎ አብሽ እየጠጡ መድኃኒት ያቆሙ ሰዎች ክሊኒክ ሲመጡ የሚያሳዩትን ቁጥር ባልነግራችሁ ይሻላል። የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ደግሞ ጥራጥሬ፣ ድንችና ቲማቲም በአንድ ሳህን ሲሰበሰቡ ፖታሲየሙ ስለሚበዛ መጠኑን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

የተረፈውን ደግሞ ምድጃ ላይ አሳድራችሁ ጠዋት "ላሙቀው" እንዳትሉ፣ የእኛ ቤት ልማድ ነው። ምግቡ ከቀረበ 2 ሰዓት ሳይሞላው ጠለቅ ባላለ ዕቃ ከፋፍላችሁ ፍሪጅ አስገቡ። በተለይ ሩዙን፤ ውጭ ባደረ ሩዝ ላይ የሚራባው ባክቴሪያ የሚተወውን መርዝ ዳግም ማሞቅ አያጠፋውም። ፍሪጅ የገባው እስከ 3 ወይም 4 ቀን ይበላል። ሽምብራው እንደውም በማግስቱ ይጣፍጣል።